ቀኙ የእናቴ ነው

ከኋላ ወንበር መቀመጥ አልችልም። ሞክሬ አይቻለሁ፣ አልሆነልኝም። ታክሲ ስሳፈር እንኳ ጋቢና ካላገኘሁ ሌላ እጠብቃለሁ። ጋቢና ሆኜም ቢሆን ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ነው የሚደርሰው። ባለታክሲዎቹ ያውቁኛል፤ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን ጫማሽን ልትጨርሺ ነው?» ይሉኛል። ይሳቁ። የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ነፍሴን ለማላውቃቸው ሰዎች እግር አደራ ሰጥቼ ነው የምውለው። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዘና ብዬ እንድቀመጥ የሚጠብቅ ካለ እሱ ጤናውን ይመርመር።

ሰልጣኞቼ «አንገት» ብለው ነው የሚጠሩኝ፣ የማልሰማ እየመሰላቸው። ስፖኪዮ ሁሉን አያሳይም። ከትከሻ ጎን አንድ ሙሉ መኪና የሚደበቅበት ቦታ አለ፣ እሱን የሚያየው የዞረ አንገት ብቻ ነው። ስለዚህ መስመር ሊቀይሩ ሲሉ «አንገት» እላለሁ፣ ከቆሙበት ሊነሱ ሲሉ «አንገት» እላለሁ፣ ዋና መንገድ ሊገቡ ሲሉማ እጮኻለሁ። አንዷ ሰልጣኜ በሕልሟ ሳይቀር እንደምትሰማኝ ነገረችኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አባቴ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሰው አልነካ፣ አጥር አልነካ፣ ዶሮ እንኳ አልነካ። ከፊቴ ካለው መኪና ምን ያህል መራቅ እንዳለብኝ ያስተማረኝ በስም ነው። «የፊተኛው መኪና ያንን ምሰሶ ሲያልፍ ስምሽን ከነአባትሽ፣ ከነአያትሽ ጥሪ። ጠርተሽ ሳትጨርሺ ምሰሶው ጋ ከደረስሽ ተጠግተሻል፣ እግርሽን አንሺ» ይለኝ ነበር። ዝናብ ከሆነ ቅድመ አያትም ይጨመራል። እኔም ሰልጣኞቼን በዚሁ ነው የማስተምረው፤ ስማቸው አጭር የሆነውን ቀስ ብለው እንዲጠሩ አደርጋለሁ። አንዱ «የአያቴን ስም አላውቅም» ቢለኝ «እንግዲያው በእግርህ ሂድ» ብዬዋለሁ።

የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ሆኜ ነው እንግዲህ አንድ ጥርስ ሐኪም ያዋረደኝ። ሰልጣኜ ነው፣ የሚኖረውም ወላጆቼ ሰፈር ነው። ዋናው መንገድ አፍ ላይ ስንደርስ እንደልማዴ «አንገት» አልኩት። እሱ መሪውን እንደጨበጠ ወደ እኔ ዞረና፣

«አባትሽ እኮ አያዞሩም» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«አባትሽ። ጠዋት ጠዋት ከቅያሱ ሲወጡ አያቸዋለሁ። ፊት ለፊት እያዩ ነው ዋናው መንገድ ውስጥ የሚገቡት። እናትሽ አንድ ነገር ይሏቸዋል፣ እሳቸው ይገባሉ።»

ክው አልኩ። «አንተ ስለ መንጋጋ አውራ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማርኩት አላስታውስም። አንድ ጊዜ እንኳ «አንገት» እንዳላልኩ ግን እሱ ራሱ ሲወርድ ነገረኝ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አነጋሁ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ የደም ግፊቷን ለመለካት ክሊኒክ የምትሄድበት ቀን ነበር፣ የሚወስዳትም አባቴ ነው። ሰልጣኞቼን ለባልደረባዬ አስረክቤ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ጥርስ ሐኪሙ ዋሽቶ ከሆነ ጥርሱን አወልቅለታለሁ፣ እውነቱን ከሆነ ግን የአባቴን የመኪና ቁልፍ ሳልይዝ አልመለስም። እናቴን ያስቀመጠባት መኪና ናት። ሌላ እናት የለኝም።

አባቴ በር ላይ አገኘኝ። «ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ?»

«ሥራ ቀለለኝ። አብሬያችሁ ልሂድ ብዬ ነው።»

«አንቺ? ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና?» ብሎ ሳቀና የኋላውን በር ከፈተልኝ። ወደ ጋቢናው ሳይ «እሱ የእናትሽ ነው» አለኝ። እናቴ ደግሞ ቀድማ ገብታለች፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቀበቶዋን አስራ።

አነዳዱን ልናገር፣ እንዳልዋሽበት። መቼም እንደ አባቴ የሚነዳ አላየሁም። ከመነሳቱ በፊት ወንበሩን፣ ስፖኪዮውን፣ የእናቴን ቀበቶ ነካ ነካ አደረገ። መንገድ ከገባን በኋላ የፊተኛው መኪና ምሰሶ ባለፈ ቁጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በስፖኪዮው አየሁት፤ ሽማግሌው እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን ከነአያቱ ይጠራል። የቆመ አውቶቡስ አጠገብ ሲደርስ ከፊቱ ሰው ሊወጣ ይችላል ብሎ እግሩን ወደ ፍሬን አዛወረ፣ እውነትም አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ይዛ ብቅ አለች። አንድ ሚኒባስ ምንም ፍሬቻ ሳያሳይ ፊቱ ጥልቅ ሲልበት ክላክስ አላሰማም፣ አልተሳደበም፣ ነዳጁን ለቀቀና «ይሂድ፣ ቸኩሎ ነው» አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ ለሚኒባሱ የሚገባውን ስድብ ሁሉ በልቤ አደረስኩለት። ጥርስ ሐኪሙንም አብሬ ሰደብኩት።

መስቀለኛው ጋ ስንደርስ ግን አየሁ። ግራውን ለማየት አባቴ አንገቱን አላዞረም፤ ከወገቡ ጀምሮ ገላውን በሙሉ ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ከዚያ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና «እሺ?» አለ፣ ፊት ለፊት እያየ። እናቴ መስታወቷን እስከ ታች አወረደች። ካፊያ ነበር፣ ብርዱም አልቀረልንም።

«ብርድ አስገባሽብን» አለ አባቴ።

«አየር ልቀበል ብዬ ነው» አለች። ትንሽ ቆየችና «ነፃ ነው» አለችው። እሱም ገባ። ቀኙን ሳያይ፣ እንዲያው በእሷ ቃል፣ መንገዱን ሰነጠቀው።

ደሜ ፈላ። «አባዬ፣ ቀኝህን አላየህም።»

«እናትሽ አይታለች።»

«የምጠይቅህ አንተ አይተሃል ወይ ነው።»

«ግራው የእኔ ነው፣ ቀኙ የእናትሽ ነው። ከተከፋፈልነው ቆየን።»

«ርስት ነው እንዴ የምትከፋፈሉት?»

እናቴ ሳቋ አመለጣት። አባቴ ግን አልሳቀም። አንገቱ ከደረቀ መክረሙን፣ ሐኪሙ አጥንት ነው እንዳለው፣ ማታ ማታ በትራስ እንደሚደግፈው ነገረኝ። ይህን ሁሉ የሚነግረኝ ዛሬ፣ እየነዳ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትጮሂያለሽ ብዬ።»

«አልጮህም» ብዬ ጮህኩ። እግሬ ከፊቴ ያለውን የወንበር ሥር እየረገጠ ነበር። እኔ ባዳውን ሁሉ አንገትህን አዙር እያልኩ ድምፄ ሲሰልል የገዛ አባቴ አንገቱን ለሚስቱ አከራይቷል። ሰው ሰምቶ ይሳቅብኝ? ነገርኩት፤ ሌላ ሰው ነፃ ነው ስላለህ አትግባ ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ፣ ረዳትህ እንኳ ሲነግርህ ራስህ ሳታይ ወደ ኋላ ነድተህ አታውቅም አይደለም ወይ አልኩት። «ረዳቴና እናትሽ አንድ ናቸው?» አለኝ።

«እሱን ተይው» አለች እናቴ ወደ ኋላ ሳትዞር። «እኔ አለሁለት።»

«አንቺ መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«አንድ ጊዜ ዝም በይ እስኪ፣ ልጄ» አለችኝ፤ ሁለተኛው መስቀለኛ ጋ ደርሰን ነበር። ድምጿ ልመና ነበረበት። ያኔ አልገባኝም፣ እልህ የያዘኝ ሰው ነኝ።

አባቴ ግራውን አየ፣ ተመለሰ። «እሺ?» አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ክፍቱ መስኮት ሰጥታ ከመጀመሪያው ይበልጥ ቆየች። ከዚያ «ነፃ ነው» አለች። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገቴ እንደልማዱ ዞረ፣ እኔ ሳላዘው። ነጭ መኪና እየመጣች ነው። በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት ናት፣ ኮሽ አትልም፣ መንገዱ ላይ የሚንሸራተት ሳሙና ነው የምትመስለው። ቀጥታ ወደ እናቴ በር ነው የምትመጣው።

«አባዬ ቁም» አልኩ።

ቆመ። እንዴት እንደረገጠው አላውቅም፣ የሦስታችንም ቀበቶ ደረታችንን ያዘን። ነጯ መኪና ጎማዋ እያፏጨ ተጣመመችና ቆመች። እናቴ እጇን በመስኮቱ ብታወጣ መብራቷን ትነካው ነበር። ውስጧ ያለችው ወጣት ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ቀረች። አባቴ እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠየቃት፣ ቀና ብላ አየችውና ምንም ሳትል አልፋ ሄደች። አራቱንም ፍሬቻ አበራ፣ ቀስ ብሎ መንገዱን ለቀቀና ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

«ነፃ ነው አልሽኝ» አላት።

«አልሰማኋትም» አለች እናቴ። «በእግዜር፣ አልሰማኋትም።»

የአራቱ ፍሬቻ ቷ ቷ ብቻ ይሰማል። እኔ ጆሮዬ ጭው ብሎ ስለነበር ያለችውን ነገር እንደተራ ቃል ነው ያሳለፍኩት። አባቴ ነው የያዘው።

«አላየኋትም ማለትሽ ነው?»

እናቴ የቦርሳዋን ማንገቻ ታፍተለትል ጀመር።

«ያ ፊት ለፊት ያለው ታቤላ ላይ ምን ይላል?» አላት። ታቤላው የአንድ ቤት ጣሪያ ያክላል፣ ፊደሉ የሰው ቁመት ነው።

«የቱ?» አለች።

እናቴ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ሰው ሁሉ ስልኩን በኪሱ ይዞ ከመዞሩ በፊት መስመር ስታገናኝ ነው የኖረችው፣ ደዋዩን ሃሎ ከማለቱ በፊት በትንፋሹ ትለየዋለች ይሏት ነበር። ቤት ሆናም ከወንበሯ ሳትነሳ በደጅ የሚያልፈውን መኪና ትናገራለች፤ ዳቦ ጋጋሪው ገባ፣ የጎረቤታችን ፍሬን ሸራ አልቋል ንገሩት፣ ትላለች። ቤተሰቡ በዚህ ሲስቅ ከርሟል። ወደ መስኮቱ ሄዳ ማየት መተዋን ግን አንዳችንም ልብ አላልንም፣ አሰልጣኝ ተብዬዋም ጭምር።

«መልክ መልኩን አያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ቅርብ ሲሆን አየዋለሁ። ራቅ ሲል ነው ጭጋግ የሚሆንብኝ። ቀኝ ዓይኔ ቀደመ፣ ግራው ተከተለ።»

«ታዲያ ነፃ ነው የምትይኝ በምን ነበር?»

«በጆሮዬ ነዋ። ጆሮዬ አሳስቶህ ያውቃል? ይህቺ እኮ ድምፅ የላትም። ድምፅ የሌለው መኪና ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው?»

«እማዬ፣ መኪናዋን ነው የምትወቅሺው?» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ» አለችኝ፣ አሁን በእውነት ተቆጥታ። «አባትሽ ጡረታ የወጣ ሰሞን አንቺ አልነበርሽም። ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ሲመላለስ ይውላል። የደህናውን ቧንቧ ይፈታታል፣ ይገጥማል፣ ደግሞ ይፈታል። እህል አይቀምስም። ይህን መኪና ከያዘ ወዲህ ነው ሰው የሆነው። አይታየኝም ብዬው ቢሆን በማግስቱ ያቆመዋል።»

«አቆመዋለሁ» አለ አባቴ።

«ይኸው» አለችኝ እናቴ፣ የረታች ይመስል።

ላብድ ደረስኩ። አንዱ አንገቱ አይዞርም፣ ሌላዋ ዓይኗ አያይም፣ ሁለቱ ተደጋግፈው አንድ ሾፌር ሆነው በዚህ ሁሉ መኪና መሀል ሲመላለሱ ከርመዋል። ሁለቱንም ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ልቅሶ ነው። ፈርቼ ነበር። ከቤቴ ስነሳ ጀምሮ ፈርቼ ነበር፣ ቁጣ አስመስዬ የያዝኩት ፍርሃት ነው። ያቺ ነጭ መኪና ትንሽ ብትቀድም ኖሮ ዛሬ እናት የለኝም፣ አባቴም አንድ ቀን አያድርም ነበር። ይህንኑ እየተነፋረቅሁ ነገርኳቸው። እናቴ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ፈልጋ ፈልጋ ጉልበቴን አገኘችው።

አባቴ ቁልፉን ነቀለ። እንዲሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ፣ አላየኝም፣ ቢያየኝም ለእኔ የሚሰጥ አልነበረም። የእናቴን መዳፍ ገልብጦ እዚያ ላይ አስቀመጠው። «ለማን እንደምትሰጪው አንቺ እወቂ» አላት። እናቴ ቁልፉን በጣቶቿ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። ብታስቀረው ምን እንደማደርግ እንጃ። ወደ ኋላ አቀበለችኝ።

የፈለግሁትን ይዣለሁ፤ ደስታው የት እንደገባ እንጃ። አባቴ ቀበቶውን ፈትቶ ወረደ፣ በመኪናው ዞሮ የእናቴን በር ከፈተ።

«የት ልትሄዱ ነው? እኔ አደርሳችኋለሁ» አልኩ።

«ክሊኒኩ ማዶ ይታያል» አለ። ያለው ነገር ዘግይቶ ገባውና እናቴን አየት አደረጋት። «በእግራችን እንሻገራለን። አንቺ መኪናውን አዙረሽ ነይ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው።»

«አባዬ ተው። እሷ አታይም፣ አንተ አትዞርም፣ በምን ልትሻገሩ ነው?»

ክንዷን ያዘና ሄዱ። ልከተላቸው ስል ከኋላ አንድ አውቶቡስ ክላክሱን ያቀልጠው ጀመር፣ መኪናው የአውቶቡስ መውረጃ ላይ ነው የቆመው። መሪው ላይ ዘልዬ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ለአባቴ እግር የተስተካከለ ነው፣ ፍሬኑ አይደርሰኝም፣ ስፖኪዮው ሰማይ ያሳየኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቸኩዬ አላውቅም፣ ግን ወንበሩን ሳላስጠጋ፣ ስፖኪዮውን ሳላስተካክል፣ አንገቴን ሳላዞር አልተነሳሁም። ወደ አደባባዩ ወጣሁ፣ ዞርኩ፣ በሌላኛው መስመር ተመለስኩ። ዓይኔ ከዜብራው ላይ አልተነቀለም።

ዜብራው ጋ ስደርስ ከመንገዱ መሀል ደሴቷ ላይ ቆመዋል። ግማሹን ተሻግረዋል። እኔ በቀኛቸው ነው የመጣሁት። ቆምኩ፣ መስታወቱን አወረድኩ።

አባቴ የእናቴን እጅ ብብቱ ሥር አጥብቆ ይዞ፣ ከእግሩ ጀምሮ ገላውን በሙሉ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ቁም ሳጥን እንደሚያዞር ሰው ቀስ እያለ። መኪና ውስጥ፣ ቀበቶ ታስሮ የማይችለውን ነገር ቆሞ ይችለዋል። አብራው እናቴም ዞረች። ካፊያው ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ወደ እኔ ሰጠች። ሞተሬን እየሰማች ነው።

«አንድ መኪና አለ» አለች።

«አለ» አላት። «ቆሟል።»

«የሚነዳው ሰው ያየናል?»

አባቴ በዝናብ መጥረጊያው ማዶ ፊት ለፊት አየኝ። ጺሙ ርሷል። ከቤት ከተነሳን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ልጅሽ ናት» አላት። «ታየናለች።»

እናቴ ፈገግ አለችና እግሯን አነሳች። ከኋላዬ ያለው ክላክሱን ለቀቀው፣ ከእሱ ኋላ ያለውም ተቀበለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ የሚሰማውን አሰማው ነበር። አባቴ በርምጃዋ ልክ እየሄደ መንገዱ የተቦረቦረበትን ቦታ ሁሉ ይነግራታል፣ «እዚህ ጋ ውሃ አለ፣ አሁን ከፍ በይ» ይላታል። እኔ ሁለት እግሬን ፍሬኑ ላይ ጭኜ፣ እንባዬ እየወረደ፣ እናቴ የማዶውን እግረኛ መንገድ እስክትረግጥ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።